አልበም አለቀ የሚባለው መቼ ነው? የዊልኮ ባንድ አራተኛ አልበም እንዴት ተሠራ

የአንድ ባንድ አዲስ አልበም አድማጭ ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። አድማጩ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዘፈኖችን ይሰማል፤ የተጣሉትን ቅጂዎች፣ የተሰረዙትን ድምፆች፣ በባንዱ አባላት መካከል የተነሣውን ክርክር እና ከአሳታሚው ጋር የተደረገውን ድርድር ግን አይሰማም። የአልበሙን መልክ በአብዛኛው የሚወስነው ደግሞ ይኸው የማይሰማው ክፍል ነው። የአሜሪካው የሮክ ባንድ ዊልኮ «ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት» የተሰኘውን አራተኛ የስቱዲዮ አልበሙን የሠራበት ሂደት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ዊልኮ ብዙ ጊዜ «ኢንዲ ሮክ» ከሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ ጋር አብሮ ይነሣል። «ኢንዲ» ራሱን የቻለ የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው። መጀመሪያ ላይ በትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ሳይሆን በአነስተኛ አሳታሚዎች በኩል ሥራቸውን ያወጡ የነበሩ ባንዶች መጠሪያ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የገበያን ፍላጎት ሳይከተሉ በራስ መንገድ የመሥራት መገለጫ ሆነ። ዊልኮ በአሠራሩ ከእነዚህ ባንዶች ወገን ቢሆንም ውሉን የፈረመው የግዙፉ የዋርነር ኩባንያ አካል ከሆነው ሪፕራይዝ ጋር ነበር። በኋላ የተፈጠረው ውዝግብ ምንጩ ይህ ነው።

ባንዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1994፣ አንክል ቱፔሎ የተባለው ባንድ ከፈረሰ በኋላ ነው። መሪው፣ ድምፃዊውና ዋናው የዘፈን ደራሲው ጄፍ ትዊዲ ይባላል። እ.ኤ.አ በ2000 አራተኛውን አልበም መሥራት ሲጀምሩ የመረጡት ቦታ በቺካጎ ከተማ የሚገኘውን «ዘ ሎፍት» የተሰኘ የራሳቸውን ስቱዲዮ ነበር። በኪራይ ስቱዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ ቀን ገንዘብ ያስወጣል፤ ስለዚህም ባንዱ አስቀድሞ ያጠናውን ቀድቶ ለመውጣት ይገደዳል። በራስ ስቱዲዮ ግን አንድን ዘፈን በአራት ወይም በአምስት መልክ ሞክሮ ማየት ይቻላል። የዚህ ነፃነት ሌላኛው ገጽ ምርጫው ማለቂያ ማጣቱ ነው።

አልበም በስቱዲዮ ውስጥ በተለምዶ በአምስት ደረጃዎች ያልፋል። የመጀመሪያው ዘፈኑ በጊታርና በድምፅ ብቻ የሚያዝበት ረቂቅ ቅጂ ነው፤ ሙዚቀኞች «ዴሞ» ይሉታል። ሁለተኛው ድራም፣ ቤዝና ዋናው ጊታር የሚቀዱበት የመሠረት ቅጂ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ሌሎች መሣሪያዎችና ድምፆች በላዩ ይጨመራሉ። በሽመና ቋንቋ ብንገልጸው የመሠረት ቅጂው ድር፣ የሚጨመረው ደግሞ ማግ ነው። አራተኛው ሚክሲንግ ሲሆን የትኛው ድምፅ ጎልቶ፣ የትኛው ዝግ ብሎ፣ የትኛውስ ጨርሶ ተነሥቶ እንደሚቀር የሚወሰንበት ነው። የመጨረሻው ማስተሪንግ የዘፈኖቹን የድምፅ መጠንና ጥራት አስተካክሎ አልበሙን ለኅትመት ያዘጋጃል።

በዊልኮ አልበም የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከድሩ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ በ2001 መጀመሪያ ላይ ከምሥረታው ጀምሮ የነበረው ድራመር ኬን ኩመር ተሰናብቶ በግሌን ኮቼ ተተካ። ድራመር ሲቀየር የሚቀየረው ምቱ ብቻ አይደለም። ኮቼ የምት መሣሪያዎችን ፍጥነት ለመጠበቅ ብቻ ሳይሆን ለዘፈኑ የድምፅ ቀለም ለመስጠት ጭምር የሚጠቀም ሙዚቀኛ ነው። ባንዱ ቀደም ብሎ የያዛቸው ዘፈኖች በእርሱ እጅ ሌላ መልክ ያዙ።

ሁለተኛውና ይበልጥ የከረረው ጉዳይ ሚክሲንግ ነበር። ጄይ ቤኔት በርካታ መሣሪያዎችን የሚጫወት፣ በብዙዎቹ ዘፈኖች ድርሰት የተሳተፈ እና በቀረጻውም ከፍተኛ ድርሻ የነበረው የባንዱ አባል ነው። በስቱዲዮው ውስጥ በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ ብዙ ድምፆች ተደራርበው ስለነበር ከዚያ ሁሉ ምን ይቅር፣ ምን ይቆይ የሚለው ጥያቄ ትዊዲንና ቤኔትን አላግባባም። ትዊዲ የሚክሲንግ ሥራውን ለሌላው የቺካጎ ሙዚቀኛ ለጂም ኦሩርክ ሰጠ። የኦሩርክ መንገድ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነበር፤ ዘፈኑ የማይፈልገውን አንሥቶ ለቀሪው ቦታ መስጠት። ሳም ጆንስ የተባለው የፊልም ሠሪ ሂደቱን በጥቁርና ነጭ ፊልም እየቀረጸ ስለነበር በሁለት ዘፈኖች መካከል ባለች አጭር መሸጋገሪያ ላይ የተነሣው ክርክር እንኳ በዘጋቢ ፊልሙ ውስጥ ይታያል። አልበሙ ሲያልቅ ቤኔት ከባንዱ ተለየ።

የአልበሙ ርእስ ምንጭም የሚገርም ነው። በሬዲዮ መልእክት ልውውጥ ፊደላት እንዳይምታቱ እያንዳንዳቸው በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ «ያንኪ»፣ «ሆቴል» እና «ፎክስትሮት» የሦስት የላቲን ፊደላት የሬዲዮ መጠሪያ ናቸው። በአጭር ሞገድ ላይ ማንነታቸው ሳይገለጽ ቁጥርና ፊደል ብቻ የሚያነቡ ጣቢያዎች አሉ። ከእነዚህ ጣቢያዎች በአንዱ ላይ አንዲት ሴት እነዚህን ሦስት ቃላት ስትደጋግም የሚሰማበት ቅጂ «ዘ ኮኔት ፕሮጀክት» በተሰኘ የድምፅ ስብስብ ውስጥ ታትሞ ነበር። ባንዱ ድምፁን በአንድ ዘፈን ውስጥ አስገባው። የስብስቡ አሳታሚ ያለ ፈቃድ ተወስዷል በማለት በኋላ ክስ አቀረበ፤ ጉዳዩም በስምምነት ተቋጨ። ከሌላ ቅጂ የተወሰደ አጭር ድምፅም ቢሆን ባለቤት እንዳለው ይህ ለሙዚቀኞች ማስታወሻ ነው።

እ.ኤ.አ በ2001 አጋማሽ አልበሙ ለሪፕራይዝ ቀረበ። ወቅቱ የአሳታሚው ባለቤት ታይም ዋርነር ከኢንተርኔት ኩባንያው ኤኦኤል ጋር የተዋሐደበት እና በሥሩ ባሉ ድርጅቶች ውስጥ የኃላፊዎች ለውጥ የነበረበት ነው። አሳታሚው ሥራው ገበያ አያገኝም ብሎ አሰበ፤ ባንዱ ደግሞ አለቀ ያለውን አልበም መልሶ ለመለወጥ ፈቃደኛ አልሆነም። በመጨረሻ ዊልኮ የአልበሙን ማስተር ቅጂ ይዞ ከሪፕራይዝ ወጣ። ውዝግቡ ወሳኝ የሆነው እዚህ ላይ ነው። በሙዚቃ ንግድ ውስጥ የማስተር ቅጂው ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሥራው ይውጣ ወይስ መደርደሪያ ላይ ይቅር የሚለውን ይወስናል። ማስተሩ በኩባንያው እጅ ቢቀር ኖሮ የወራት ድካም ከአድማጭ ሳይደርስ ሊቀር ይችል ነበር።

አልበሙ መጀመሪያ ሊወጣ የታቀደው እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነበር። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር የ1994 ዓ.ም አዲስ ዓመት የገባበት፣ በአሜሪካ ደግሞ የሽብር ጥቃት የደረሰበት ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን፣ ባንዱ መላውን አልበም በራሱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ እንዲደመጥ አደረገ። በጊዜው ብዙ የሙዚቃ ኩባንያዎች ኢንተርኔትን እንደ ሌባ ይፈሩት ነበር። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ አድማጮች ገና ያልታተመውን አልበም ለመዱት፣ ሌሎች አሳታሚዎችም ፊታቸውን ወደ ባንዱ አዞሩ።

በመጨረሻ ውሉን ያገኘው ነንሳች የተባለው አሳታሚ ነው። እርሱም እንደ ሪፕራይዝ ሁሉ በታይም ዋርነር ሥር ነበር። በሌላ አነጋገር አንድ ኩባንያ ለአንድ አልበም ሁለት ጊዜ ከፈለ። አልበሙ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 23 ቀን 2002 ታተመ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ55 ሺሕ በላይ ቅጂ ተሸጦ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ 13ኛ ደረጃን ያዘ። ውሎ አድሮም በአሜሪካ ከ500 ሺሕ ቅጂ በላይ ለሚሸጡ አልበሞች የሚሰጠውን የወርቅ ዕውቅና አገኘ።

20ኛ ዓመቱ ሲከበር ረቂቆቹና የተጣሉት ቅጂዎች ተሰብስበው እ.ኤ.አ በ2022 ታተሙ፤ ኅትመቱም በቀጣዩ ዓመት በታሪካዊ አልበም ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አስገኘ። ቅጂዎቹን የሚያደምጥ ሰው አንድ ዘፈን በተለያየ ፍጥነትና ቅንብር ምን ያህል ጊዜ እንደተሞከረ ይሰማል። ከተጣሉት ውስጥ ብዙዎቹ መጥፎ አይደሉም፤ ሌላ አልበም ሊሆኑ ይችሉ የነበሩ ሥራዎች ናቸው።

ድሉ ግን ዋጋ ተከፍሎበታል። ሁለት አባላት አልበሙ ሲሠራ ከባንዱ ወጥተዋል፤ ከሁለቱ አንዱ የሆነው ቤኔትም እ.ኤ.አ በ2009 ሕይወቱ አልፏል። አልበም አለቀ የሚባለው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ የስቱዲዮ መሣሪያ መልስ አይሰጥም፤ አንድ ሰው ይበቃል ማለት አለበት። ያ ሰው ማን እንደሚሆን፣ ማስተሩም በማን እጅ እንደሚቀመጥ ደግሞ የመጀመሪያው ድምፅ ከመቀዳቱ በፊት በውል ቢታሰር ይሻላል።