ምስጢሩን ሳይሰጡ ማሳመን

ቤት ስንከራይ አከራዩ የዋሶቻችንን የደመወዝ ወረቀትና የባንክ ሒሳብ ይጠይቀናል። ማወቅ የሚፈልገው ኪራዩ እንደሚከፈል ብቻ ነው፤ እኛ ግን የወላጆቻችንን ጓዳ ከፍተን እናሳየዋለን። ሳያሳዩ ማረጋገጥ አይቻልም?

ይቻላል። ዘዴው «ዜሮ ኖውሌጅ ፕሩፍ» ይባላል፤ ምስጢሩን ሳይገልጹ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ማለት ነው።

በቡና እንየው። በአንዱ ጀበና የሐረር፣ በሌላው የይርጋ ጨፌ ቡና አለ። አብራን የምትኖረው ጓደኛችን የትኛው የትኛው እንደሆነ አታውቅም፤ «ጣዕማቸው አንድ ነው» ትላለች። እኛ እንለያለን ባዮች ነን። መጀመሪያ ከአንዱ ታቀምሰናለች። ከዚያ እኛ ሳናይ ሳንቲም ጥላ፣ እንደ ዕጣው ከዚያው ወይም ከሌላው ትቀዳለች። ቀምሰን «ያው ነው» ወይም «ተቀይሯል» እንላለን። አንዴ በግምት ይገኛል፤ 20 ጊዜ በተከታታይ በግምት የማግኘት ዕድል ግን ከ1,048,576 አንድ ነው። ስለዚህ ታምነናለች። የሐረሩ የትኛው እንደሆነ ግን አሁንም አታውቅም። የነገርናት ሁሉ ራሷ ቀድማ የምታውቀውን ነውና። ቁልፉ ይኸው ነው።

ሐሳቡን በ1985 ያቀረቡት ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ ናቸው። በ1986 ረሖቮት ባለው የዋይዝማን ተቋም አሞስ ፊያትና አዲ ሻሚር ማንነትን ለማረጋገጥ አዋሉት። ዛሬ በኮምፒውተር፣ ባንክ የፈረመበት ደመወዝ ለምሳሌ ከ8,000 ሸቅል እንደሚበልጥ፣ ልኩ ሳይታይ ማረጋገጥ ይቻላል።

አከራዮች ይህን እስኪለምዱ ግን ሰነድ ከመላካችን በፊት «የሚያስፈልግህ ምኑን ማወቅ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ከዚያ የሚበቃውን ብቻ እናሳይ።