እስቴን ለሁለት የከፈለው መስመር

ከጣና ዳርቻ እስከ በሽሎ ሸለቆ ያለውን አገር የከፍታ መረጃ አውርዶ ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው፣ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ጉና ተራራ ላይ አይደለም፤ ዓባይም ላይ አይደለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ገመድ የተወጠረ፣ አገሩን ለሁለት የከፈለ መስመር ላይ ነው። ከመስመሩ በስተምዕራብ ያለው መሬት ነጣ ይላል፤ በስተምሥራቅ ያለው ይጠቁራል። አንዱ ማሳ ግማሹ አመድ፣ ግማሹ ከሰል የመሰለ ነው። ደብረ ታቦር በምሥራቅ በኩል ለጥቂት ተርፋለች። የእስቴዋ መካነ ኢየሱስም ከመስመሩ የምትርቀው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጥንቱ ሰፊው እስቴ ግን፣ ዛሬ አንዳቤት የሚባለውን ጨምሮ፣ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ተከፍሏል።

መስመሩ 38ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። መሬት ወርደው ቢፈልጉት አጥርም፣ ሸንተረርም፣ የወሰን ድንጋይም የለበትም። መረጃውን ለማከማቸትና ለማደል እንዲመች ምድርን አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ እየቆረጡ ያስቀመጡ ሰዎች ያመጡት ነው። ቁራጮቹ ታይል ይባላሉ። ታይሎቹን መልሶ አንድ ማድረግን ኪውጂአይኤስ የለመዱት ሜርጅ፣ አርክጂአይኤስ ላይ ያደጉት ሞዛይክ ይሉታል። እኔ መስፋት ብለው እመርጣለሁ። ልብስ ሰፊም ቢሆን ችሎታው የሚታወቀው ስፌቱ ላይ ነውና።

የከፍታ ራስተር ከሩቅ ሲያዩት ፎቶ ይመስላል እንጂ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። በግምት በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩም ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ይናገራል። በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኤስአርቲኤም የሚባለው ነው። የተሰበሰበው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ነበር። በወሩ 3ኛ ቀን ኢንደቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስድስት ሰዎች ይዛ ተነሣች፤ ሰማይ ከደረሰች በኋላ ከጎኗ 60 ሜትር የሚረዝም ምሰሶ ዘረጋች። አንዱ የራዳር አንቴና ከመንኮራኩሯ፣ ሌላው ከምሰሶው ጫፍ ሆነው፣ ሁለቱ ዓይኖቻችን ርቀትን እንደሚገምቱት ሁሉ የምድርን ከፍታ ለኩ። 11 ቀን በፈጀው ጉዞ ከ60 ዲግሪ ሰሜን እስከ 56 ዲግሪ ደቡብ ያለው የብስ ተመዘገበ። ራዳር ሌሊትም ደመናም ስለማያግደው ነው በዚህ ፍጥነት ያለቀው። ለእኛ ግን ለዓመታት የተለቀቀው በ90 ሜትር የሳሳው ነበር፤ የ30 ሜትሩ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መለቀቅ ሲጀምር ቅድሚያ ያገኘችው አፍሪካ ናት።

የእያንዳንዱ ታይል ስም የደቡብ ምዕራብ ማዕዘኑ አድራሻ ነው። «ኤን 11 ኢ 038» የተባለው ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ይይዛል። ውስጡ 3,601 ረድፍና 3,601 ዓምድ አለ፤ ሲባዛ ወደ 13 ሚሊዮን ቁጥር ይጠጋል፤ መጠኑም 26 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ ሆኖ ሳለ 3,601 ከየት መጣ? ሁለት ጎረቤት ገበሬዎች አንድ ድንበር እንደሚጋሩ፣ ጎረቤት ታይሎችም ጠርዛቸው ላይ አንዱን ዓምድ ይጋራሉ። የምዕራቡ ታይል የመጨረሻ ዓምድና የምሥራቁ የመጀመሪያ ዓምድ ያው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ልክ 38ኛው ዲግሪ ላይ ቆመዋል። ስፌቱ የሚያምረው ይህ ትርፍ ጨርቅ ስላለ ነው።

እንግዲህ ያ የሚያስደነግጠው የቀለም ልዩነት ከየት መጣ? ከመረጃው አይደለም። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ታይል ለብቻው ዝቅተኛውን ጥቁር፣ ከፍተኛውን ነጭ ያደርጋል። በምሥራቁ ታይል ውስጥ ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው ጉና አለ፤ ከ1,500 ሜትር በታች የሚወርድ ሸለቆም አለ። የምዕራቡ ታይል ጉናን የሚያህል የለውም። ስለዚህ 2,400 ሜትር ላይ ያለች አንዲት የእስቴ ማሳ በዝቅተኞቹ መሃል ስትሆን ትነጣለች፤ ከጉና ጋር ስትቆም ትጠቁራለች። ሰውም ከማን ጋር እንደቆመ ነው የሚታየው። ጠርዙ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በመጠቆሚያው አንድ በአንድ ብትነኳቸው ግን ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣችኋል።

ጋይንትንና ስማዳን ብቻ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ላይ መስፋት የሚያስፈልገው አይመስለውም። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ ጉናም ራሱ በአንድ ታይል ውስጥ ናቸው። (ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ስማቸው ራሱ የከፍታ መረጃ መሆኑን ልብ ይሏል፤ አገሬው ከመንኮራኩሯ ቀድሞ ለክቶታል።) ነገሩ የሚለወጠው ውኃ ሲመጣ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው 38ኛውን ዲግሪ ተሻግረው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ስማዳን የሚያዋስኑት በሽሎና ዓባይ ከተገናኙ በኋላ ወደ ደቡብ ወርደው ከ11 ዲግሪ በታች ይሄዳሉ። ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና በሚወስደው፣ ሰዉ የቻይና መንገድ በሚለው ተረተር ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ያየ ደግሞ የሚያየው ውኃ ወደ ተከዜ የሚሄደውን ነው። ወንዝ ወረዳም ዞንም ታይልም አያውቅም።

ጉማራን እንውሰድ። የምዕራቡን ታይል ብቻ ከፍቶ፣ ጉማራ ድልድይ አጠገብ ምልክት አድርጎ «ተፋሰሱን አውጣልኝ» ያለ ተማሪ፣ በሰሜንና በደቡብ በኩል ተረተሩን ተከትሎ በሚያምር ሁኔታ የተጠማዘዘ ወሰን ያገኛል። በምሥራቅ ግን ወሰኑ ድንገት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሶፍትዌሩ ዓለም እዚያ ያለቀች መስሎት ነው። ራስ የሌለው ወንዝ ማለት ይህ ነው፤ ጉና ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁሉ ከስሌቱ ወጥቷል። በዚህ ካርታ የፎገራን ጎርፍ የሚገምት ሰው ከጎርፉ ዋና አመንጪ ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ከተሰፋ በኋላ ያው ስሌት ቢደገም ወሰኑ መስመሩን አልፎ እየወጣ ጉና አናት ላይ ይታጠፋል።

ሥራው ራሱ የደቂቃ ነው። ከራስተር ሜኑ ውስጥ ሜርጅን መክፈት፣ ሁለቱን ወይም አራቱን ታይል መምረጥ፣ ማስቀመጫ ስም መስጠት፣ ማስኬድ። ሰው የሚሰነካከለው ትንንሾቹ ነገሮች ላይ ነው። መጀመሪያ፣ ሜርጅ ካልተነገረው በቀር ውጤቱን በነጥብ ቁጥር ያስቀምጣል። ኤስአርቲኤም ግን ሙሉ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ፋይሉ ያለ አንዳች ጥቅም እጥፍ ይሆናል። ኢንት 16 የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

ሁለተኛው ይብሳል። ራዳር ወደ ጎን ስለሚያይ ጠባብና ጥልቅ ገደል ውስጥ ያለውን መሬት ሊያጣው ይችላል። በቀደሙት የኤስአርቲኤም እትሞች እንዲህ ያለው ባዶ ቦታ የተሞላው -32768 በሚል ቁጥር ነው። ሶፍትዌሩ ይህ ቁጥር «መረጃ የለም» ማለት እንደሆነ ካልተነገረው እንደ ከፍታ ይቀበለዋል። ያን ጊዜ ገደሉ ከባሕር ወለል 32 ኪሎ ሜትር በታች ይሆንና የተቀረው አገር በሙሉ አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ጉናም ሜዳ ይሆናል። ዘግይተው የወጡት እትሞች ባዶውን ከሌላ ምንጭ ስለሞሉት ጣጣው ቀንሷል። የዜሮ ጣጣ ግን አለ። አራት ታይል በሚያስፈልግበት ቦታ ሦስት ብቻ አውርዶ የሰፋ ሰው፣ የጎደለው ማዕዘን በዜሮ ይሞላበታል። ዜሮ የባሕር ወለል ነውና ጎጃም ላይ ባሕር ይወጣል።

ቅደም ተከተልም አለ። ዲግሪን ወደ ሜትር፣ ማለትም ወደ ዩቲኤም ዞን 37 መለወጥ የሚገባው ከተሰፋ በኋላ ነው። አስቀድሞ ታይሎቹን አንድ በአንድ የለወጠ ሰው ጠርዛቸው ትንሽ ያዘነብልበትና በመሃላቸው ቀጭን ክፍተት ይተዋል። ኮንቱርና ሂልሼድ የሚባለው የጥላ ምስልም እንዲሁ ከስፌት በኋላ ነው የሚወጡት፤ ቀድመው ከወጡ ጠርዙ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ወገን ጎረቤት ስለሌለው ጥላው እዚያ ጋ ይበላሻል። ደግሞ አደራ፣ ኤስአርቲኤምን ከሌላ ምንጭ ታይል ጋር አትስፉ። ከፍታ የሚለኩበት መነሻ ሊለያይ ይችላል፤ ያኔ ስፌቱ ላይ ማንም ያልቆፈረው እርከን ይበቅላል።

ማገጣጠም ከኮምፒዩተር ጋር አልመጣም። የ1፡50,000 ካርታ አንዱ ሉህ 15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ ነው፤ አንድ ታይል የሚሸፍነው መሬት 16 ሉህ ይፈጃል ማለት ነው። በወረቀት ካርታ ዘመን ሰፊ ቦታ የሚያጠና መሐንዲስ ጠርዙን በመቀስ እየቆረጠ፣ ኮንቱሩን ከኮንቱሩ እያጋጠመ፣ በማጣበቂያ እየለጠፈ ግድግዳ ይሸፍን ነበር። እነዚያ የድሮ ሉሆች ዛሬም ከኤስአርቲኤም ጋር ሲደራረቡ አንድ ነገር ይታያል፤ ወንዙ ከሸለቆው ወጥቶ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ርቆ ዳገት ላይ ይፈስሳል። የድሮው ካርታ የተሠራው አዲንዳን በተባለ መነሻ፣ ኤስአርቲኤም ደግሞ ዛሬ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ስለሆነ ነው። ሉሁም ታይሉም አልተሳሳቱም፤ መነሻቸውን ለሶፍትዌሩ በትክክል መንገር ብቻ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ቨርቹዋል ራስተር። ይህ ቁጥሮቹን አይገለብጥም፤ የትኛው ታይል የት እንደሚቀመጥ በጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ ይመዘግባል። አራት ታይል መቶ ሜጋባይት ሲሆን ይህኛው ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ አቅሙ ለደከመ ላፕቶፕ እፎይታ ነው። «እያንዳንዱን ፋይል በተለያየ ባንድ አስቀምጥ» የምትለዋን ሳጥን ብቻ ምልክቷን ማጥፋት ያስፈልጋል። ኪውጂአይኤስ ምልክት አድርጎባት ስለሚመጣ ያልነካት ሰው ታይሎቹ ከመሰፋት ይልቅ ተደራርበው፣ አገሩ ያልታሰበ ቀለም ለብሶ ይጠብቀዋል። ሁሉም ነገር ተስተካክሎለት፣ ስፌቱም ጠፍቶለት፣ ያቺን ትንሽ ፋይል ብቻ በፍላሽ ይዞ አማካሪው ቢሮ የሄደ ተማሪም አይቻለሁ። ሲከፍተው ነጭ ገጽ ነበር። ታይሎቹ ቤት፣ ዴስክቶፑ ላይ ቀርተው ነበር።