የጣና ደንገል ውቅያኖስ ተሻገረ

«ተራራ ላይ ለሚኖር ገበሬ የባሕር ነገር ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ የመካነ ብርሃን ገበሬ የሚያውቀው ገደሉን፣ ገብሱንና በጉን ነው። የአካባቢው ውሃም ወደ ተከዜ ይወርዳል እንጂ ወደ ጣና አይሄድም። ታዲያ ከጎንደር በስተ ደቡብ ካለው ከጣና ሐይቅ ዳር የታጨደ ተክል ጀልባ ሆኖ፣ ሰው ጭኖ፣ በነፋስ እየተነዳ ትልቁን የአትላንቲክ ውቅያኖስ እንደተሻገረ ስንቶቻችን እናውቃለን? ነገሩ ተረት አይደለም። በ1962 ዓ.ም. የተደረገ ነው።

በዚያች ጀልባ ላይ የነበሩ ሰዎች እንዴት ኖሩ? ምን በሉ? ምን ጠጡ? ሥራውንስ እንዴት ተካፈሉት? እስቲ አንድ በአንድ እንመልከት።

ደንገልና ታንኳ

ደንገል ሥሩን ውሃ ውስጥ አድርጎ የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። አገዳው ሦስት ማዕዘን አለው። ውስጡ ነጭና ቀላል ነው። አየር ስለሚይዝ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

የጣና ዳር ሰዎች ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ በእስር በእስር አድርገው ያጠብቁታል። ታንኳ የሚሠራው ከዚህ ነው። በዚህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። በታንኳ ዓሣ ይጠመዳል፣ እንጨት ይጫናል፣ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ይሻገሩበታል።

ታንኳ ውሃ ውስጥ ብዙ ከቆየ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ጎትቶ ያወጣውና ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ሐይቁም የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት ጸጥ ይላል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል። ልምድ ያለው ቀዛፊ ይህን ስለሚያውቅ ማልዶ ይነሣል።

እንግዲህ በሐይቅ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ደንገል በውቅያኖስ ላይ ስንት ቀን ይቆያል? ውቅያኖስ ማለት ዳርቻው የማይታይ፣ ውሃው ጨው የሆነ፣ እጅግ ሰፊ ባሕር ነው።

አንድ ሰው የጠየቀው ጥያቄ

ቶር ሄየርዳል የሚባል ተመራማሪ ነበር። አገሩ ኖርዌይ ነው። ኖርዌይ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ አገር ናት። ይህ ሰው በጥንት ግብፃውያን መቃብሮች ግድግዳ ላይ የደንገል ጀልባ ተሥሎ ተመለከተ። የጥንት ሰዎች በእንዲህ ያለ ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ብዙ ሊቃውንት አይቻልም አሉት። ደንገል በባሕር ውሃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም ያሉትም ነበሩ። እሱ ግን ሞክሮ ማየት ይሻላል ብሎ ተነሣ።

በግብፅ ወንዝ ዳር የነበረው ደንገል ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ፊቱን ወደ ጣና መለሰ። 12 ቶን ያህል፣ ማለት 120 ኩንታል ያህል የጣና ደንገል ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። ከዚያም በመርከብ ተጭኖ ግብፅ ገባ። በቻድ አገር ካለው ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች በፒራሚዶቹ አጠገብ ጀልባውን ሠሩት። ርዝመቱ 15 ሜትር ሆነ። ስሙን «ራ» አሉት። ራ በጥንት ግብፃውያን ቋንቋ ፀሐይ ማለት ነው።

ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች በራ ተሳፍረው ሞሮኮ ውስጥ ካለችው ከሳፊ ወደብ ተነሡ። የሚሄዱት ወደ ምዕራብ፣ በካሪቢያን ባሕር አጠገብ ወዳለችው ወደ ባርባዶስ ደሴት ነው። በዚያ በኩል ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። የባሕሩም ውሃ ወደዚያው ይፈሳል። አውድማ ላይ እህል የሚያዘራ ገበሬ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ ይቆማል። ባሕረኛም እንደዚሁ ነፋሱን አይቶ ሸራውን ይዘረጋል።

የዕለት ኑሮ በጀልባ ላይ

የመጀመሪያው ነገር ውሃ ነው። ሰው በውሃ መካከል ሆኖ በውሃ ጥም ሊሞት ይችላል። የባሕር ውሃ ጨው ስለሆነ አይጠጣም። የጠጣው ሰው ሰውነቱ ጨውን በሽንት ለማስወጣት የበለጠ ውሃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በጠጣ ቁጥር ይብስበታል። የራ ሰዎች የሚጠጣ ውሃቸውን ከቤታቸው እንደሚሄዱ መንገደኞች በፍየል ቆዳና በሸክላ ዕቃ ይዘው ነበር። ገላቸውን የሚታጠቡት በባሕር ውሃ ነው። ጣፋጩ ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምግብ ነው። በጀልባው ላይ ገበያ የለም። ተመልሶ የረሱትን ማምጣትም አይቻልም። ስለዚህ የማይበላሽ ስንቅ ያዙ። የደረቀ ዳቦ፣ ቴምር፣ ማር፣ ለውዝ፣ የደረቀ ዓሣና እንቁላል ነበራቸው። የደረቀው ዳቦ እኛ ለመንገድ እንደምንይዘው ድርቆሽ ማለት ነው። ስንቁ በ160 የሸክላ ዕቃ ተቀምጦ ነበር። ማዕበል ጀልባዋን ሲያናውጣት ሸክላው እርስ በርሱ እየተጋጨ እንዳይሰበር ማሰርና መደገፍ የየዕለቱ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው። ጀልባ ሌሊት አይቆምም። ማሳ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑን እንደማይከድን ሁሉ መሪ መቅዘፊያውን የያዘ ሰውም አይተኛም። ነፋሱ ቢዞር ሸራው ይገለበጣል። ትልቅ መርከብ በጨለማ ቢመጣ ትንሿን ጀልባ ላያያት ይችላል። ስለዚህ ሰዎቹ በተራ በተራ ይጠብቃሉ። ተራው ያልደረሰው ከዘንግ በተሠራችው ጠባብ ጎጆ ውስጥ ይተኛል። አንዱ ተራውን ቢያጎድል አደጋው የሁሉም ነው።

አራተኛው ስምምነት ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ላይ የነበሩት ሰባቱ ሰዎች ከሰባት አገር የመጡ ናቸው። ከኖርዌይ፣ ከአሜሪካ፣ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከጣሊያን፣ ከሜክሲኮ፣ ከግብፅና ከቻድ ነበሩ። አሜሪካዊው ኖርማን ቤከር ጀልባዋ የት እንደደረሰች ይለካ ነበር። ሐኪማቸው የሶቪየቱ ዩሪ ሰንኬቪች ነበር። በዚያን ዘመን የእነዚህ ሁለት ሰዎች መንግሥታት ባላንጣዎች ነበሩ። ቋንቋቸው አንድ አይደለም። ሃይማኖታቸውም አንድ አይደለም። ግን ተኳርፎ የሚሄዱበት ሌላ ቤት፣ ዘወር የሚሉበት ሜዳ የለም። ተቻችለው ኖሩ። ያውለበለቡትም የተባበሩት መንግሥታትን ሰንደቅ ዓላማ ነበር።

የተናቀው ገመድ

በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም መሪ መቅዘፊያዎች ተሰበሩ። ሰዎቹ ጠግነው ጉዞአቸውን ቀጠሉ። ከዚያ የባሰው ችግር ግን ቀስ ብሎ መጣ። የጀልባዋ ጅራት ወደ ታች መስጠም ጀመረ።

ምክንያቱ ምን ነበር? በግብፅ ሥዕሎች ላይ የጀልባው ጅራት ወደ ላይ ታጥፎ ይታያል። ከታጠፈው ጫፍ እስከ ጀልባው ወለል ድረስ አንድ ገመድ ተወጥሯል። ይህ ገመድ ጅራቱ ቅርፁን እስኪይዝ ብቻ የሚያገለግል መሰላቸው። ጅራቱ ታጥፎ ሲጸና ገመዱ አያስፈልግም ተባለ፤ ተነሣ። በእርግጥ ግን ያ ገመድ ሥራ ነበረው። የጀልባውን የኋላ ክፍል እንደ ቀስት ወጥሮ ከማዕበል በላይ የሚይዘው እሱ ነው። ገመዱ በሌለበት ጅራቱ በማዕበል እየተመታ ረገበ።

ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ምራን ቀጭን ጠፍር ናት። ነገር ግን ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የምታያይዘው እሷ ናት። ምራን ከተበጠሰ በሬው ቢጠነክር፣ ማረሻው ቢሳል ምን ይጠቅማል?

ራ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ ባርባዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት መፈታታት ጀመረች። በሐምሌ ወር 1961 ዓ.ም. ሰዎቹ ወደ ሌላ ጀልባ ተሻግረው ዳኑ። አንድም ሰው አልሞተም።

ሁለተኛዋ ራ

ሄየርዳል ተስፋ አልቆረጠም። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ጀልባ አሠራ። ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ የሄደ ነበር። ሠሪዎቹ ግን በደቡብ አሜሪካ ካለው ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ባላገሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በሐይቃቸው ላይ ከአባት ከአያት ጀምሮ የሸምበቆ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ሁለቱን ታላላቅ እስሮች በአንድ ረጅም ገመድ እያዞሩ አጥብቀው አሠሯቸው። ሁለተኛዋ ራ 12 ሜትር ነበረች። ከፊተኛዋ ብታጥርም የበለጠ የጠበቀች ሆነች።

ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች ይዛ ከሳፊ ተነሣች። በ57 ቀን 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ ሐምሌ 5 ቀን 1962 ዓ.ም. ባርባዶስ ደረሰች። ይህ መንገድ ከጎንደር አዲስ አበባ አራት ጊዜ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። ፍጥነቷ በሰዓት ሲታሰብ ከአንድ እግረኛ አይበልጥም። ግን ቀንም ሌሊትም ስለማትቆም በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዝ ነበር።

ይህ ጉዞ የጥንት ግብፃውያን በእርግጥ አሜሪካ ደርሰዋል ማለት አይደለም። በደንገል ጀልባ መሻገር ይቻላል የሚለውን ግን አረጋግጧል። ሁለተኛዋ ራ ዛሬ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣለች።

በባሕር ላይ ያዩት ቆሻሻ

ሰዎቹ በየቀኑ የባሕሩን ውሃ ይመለከቱ ነበር። ያዩት ነገር አሳዘናቸው። ከሁሉም ወገብ ራቅ ባለ ውቅያኖስ መካከል ጥቁር የዘይት እብጠት ይንሳፈፍ ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ከ57ቱ ቀን በ43ቱ ይህን ቆሻሻ አይተዋል። ዘይት ከሚጭኑ መርከቦች የሚጣል ነበር። ሄየርዳል ነገሩን ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አሳወቀ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ውሃ ሰፊ ቢሆንም የተጣለበትን አይረሳም። ከላይ የሚኖር ሰው ወንዝ ውስጥ የሚጥለው ነገር ከታች ለሚቀዳው ሰው ይደርሳል። ለምሳሌ ከጎንደር አካባቢ የሚወርደው የመገጭ ወንዝ ጣና ይገባል።

የዛሬ ባሕረኞች

ዛሬም በካሪቢያን ባሕር በትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ላይ ወራትና ዓመታት የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ጀልባቸው ሞተር፣ ከፀሐይ የሚገኝ መብራትና ሬዲዮ አለው። ኑሯቸው ግን ከራ ሰዎች ኑሮ ብዙ አይርቅም። ውሃቸውን በልክ ይጠጣሉ፣ ዝናብ ሲዘንብ በሸራ ያጠራቅማሉ። ሌሊት በተራ ይጠብቃሉ። ጠዋት ተነሥተው ገመዱን፣ ሸራውን፣ መልሕቁን ይመረምራሉ። መልሕቅ ማለት ጀልባው እንዳይሄድ ከባሕሩ ወለል ጋር የሚይዘው ከባድ ብረት ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር በዚያ ባሕር ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ስለሚነሣ፣ እኛ የክረምቱን መግቢያ እንደምንጠባበቅ እነሱም ወራቱን ይቆጥራሉ።

የእኛስ ደንገል?

ውቅያኖስ የተሻገረው ደንገል ዛሬ በጣና ዳር እየቀነሰ ነው። ውሃው ሲሸሽ ዳርቻው ይታረሳል። ከብት ይግጠዋል። ከሚያድገው በላይ ይታጨዳል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቷል። ደንገል ሲጠፋ ታንኳ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ዓሣ የሚራባበት ጥላ ይጠፋል። ከጎርፍ ጋር የሚመጣውን አፈር የሚያጣራው አጥር ይጠፋል። ታንኳ የመሥራት እውቀትም አብሮ ይጠፋል።

ያንን ገመድ እናስታውስ። የማይጠቅም መስሎ የተነሣ አንድ ገመድ ጀልባ አፍርሷል። እንግዲህ የአባቶቻችንን ሥራ ከመጣላችን በፊት «ይህ ነገር ምን ይሠራ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ጠይቀን፣ መርምረን የማይጠቅም ሆኖ ካገኘነው እንተወዋለን። የሚጠቅም ከሆነ ግን ለልጆቻችን እናስተምር፣ በጽሑፍም እናኑረው።

ለውይይት

1. ጨው ያለበት የባሕር ውሃ ለምን አይጠጣም?
2. የመጀመሪያዋ ራ ጅራት ለምን ሰጠመ?
3. በጀልባ ላይ አንድ ሰው ተራውን ቢያጎድል ምን ይደርሳል? በመንደራችንስ እንዲህ ያለ ሥራ የትኛው ነው?
4. በአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች ብቻ የሚያውቁት፣ ወጣቶች ያልተማሩት ሙያ አለ? ጠይቃችሁ ጻፉ።