የተከተበ ከብት በአፍተግር የሚያዘው ለምንድን ነው?

«አስከትበን ነበር፤ ታዲያ ለምን ታመመብን?» አፍተግር በተነሣበት ቀበሌ ሁሉ ይህ ጥያቄ ለልማት ሠራተኛው ይቀርባል። መልስ ያላገኘ ገበሬ ለሚቀጥለው ክትባት ከብቱን አያወጣም። አፍተግር የያዘው በሬ ደግሞ በእርሻ ወቅት ቀንበር አይሸከምም። ስለዚህ ምክንያቱን አጥርቶ ማስረዳት ያስፈልጋል።

የቫይረሱ ዓይነቶች

የአፍተግር ቫይረስ ሰባት ዓይነት ነው። እነርሱም ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ሳት 1፣ ሳት 2፣ ሳት 3 እና ኤዥያ 1 ይባላሉ። ሲ የተባለው እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በዓለም ላይ አልታየም። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ኦ ሲሆን፣ ኤ፣ ሳት 1 እና ሳት 2ም ታይተዋል። ለአንዱ ዓይነት የተከተበ ወይም ከአንዱ የዳነ ከብት ለሌላው መከላከያ የለውም። ይህንንም ቫሌና ካሬ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1922 በፈረንሳይ አገር አሳይተዋል።

ከዚህም ሌላ አንዱ ዓይነት ራሱ እየተባዛ ሲሄድ መልኩን ይለውጣል። በመስክ ያለው ቫይረስ ክትባቱ ከተሠራበት ቫይረስ እየራቀ በሄደ መጠን የክትባቱ ኃይል ይቀንሳል። ነገሩ ለስንዴ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ዋግን ይቋቋም የነበረው ዲጋሉ በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ በአዲስ የግንድ ዋግ ተመትቷል። የተለወጠው ዋጉ እንጂ ስንዴው አልነበረም።

ሌሎች ምክንያቶች

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተያዘ ወይም በረዶ ከሠራ ይበላሻል። መከላከያው የሚቆየውም 6 ወር ያህል ብቻ ነው። ከመከተቡ በፊት ቫይረሱ የገባበት ከብትም ሊታመም ይችላል።

ምን ይደረግ?

1. የክትባቱ ቀን፣ የያዛቸው የቫይረስ ዓይነቶችና የተከተቡት ከብቶች ብዛት በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ።

2. ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ከብት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገምለት፤ ከዚያም በየ6 ወሩ ይከተብ።

3. የተከተበ ከብት ከታመመ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ዕለት ይነገር። በአፍ ወይም በሰኮና መካከል ውሃ የቋጠረው ቁስል ሳይደርቅ ናሙና ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። ለሚቀጥለው ዘመቻ ተስማሚ ክትባት የሚመረጠው ዓይነቱ ሲታወቅ ነው።

4. የታመመው ተለይቶ ይታሰር። ወደ ገበያም ሆነ ወደ ጋራ ውሃ አይነዳ።

ክትባቱ አንዳንድ ጊዜ ቢያመልጠውም ብዙ ከብት ያድናል። ለገበሬው እውነቱ ይነገረው፤ ክትባቱን ግን አይተው።