ድርቆሽ ስትገዙ "መቼ ታጨደ?" በሉ

ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ማበብ ሲጀምር ከሱሉልታ እስከ ሰንዳፋ የድርቆሽ ገበያው ይነቃነቃል። የሁሉም ጥያቄ "እስሩ ስንት ገባ?" ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የታጨደውና ኅዳር መጨረሻ ላይ የታጨደው ጎን ለጎን ይቀርባሉ፣ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ያው ነው። ላሟ ዘንድ ሲደርሱ ግን አንድ አይደሉም።

ሣር አበባ ካወጣ በኋላ ቅጠሉ እየሳሳ፣ አገዳው እየጠነከረ ይሄዳል። ፕሮቲኑም አብሮ ይወርዳል። ከ7 በመቶ በታች ሲሆን በከብቱ ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ፤ መኖው ቶሎ አይፈጭም፣ ከብቱም የሚበላው ይቀንሳል። ድርቆሽ ፊቱ ተከምሮለት የሚከሳ በሬ የምናየው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

*ሒሳቡ*

15 ኪሎ የምትመዝን እስር እንውሰድ። በጊዜው ታጭዳ ፕሮቲኗ 9 በመቶ ከሆነ 1.35 ኪሎ ፕሮቲን ይዛለች። ዘግይታ ታጭዳ ወደ 5 በመቶ ከወረደች የያዘችው 0.75 ኪሎ ብቻ ነው። ልዩነቱ 0.6 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህን በኑግ ፋጉሎ እንሙላ ብንል፣ የፋጉሎው ፕሮቲን 30 በመቶ ቢሆን በእስር 2 ኪሎ ፋጉሎ ይጠይቃል። በ100 እስር 2 ኩንታል ማለት ነው! የሰፈራችሁን የፋጉሎ ዋጋ አስገቡበትና "ርካሽ" የተባለው ድርቆሽ ስንት እንደሚያስወጣችሁ እዩት።

*ገበሬው ለምን ያዘገያል?*

ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ሣሩ በቆየ ቁጥር ከሄክታር የሚወጣው እስር ይበዛል፤ ገዢው የሚከፍለው ደግሞ በእስር ነው። ሁለተኛ፣ የጥቅምት ዝናብ ያስፈራል፤ ታጭዶ የተዘረጋ ሣር ዝናብ ከመታው ጠቆረ ማለት ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚያጭድ ሰው ትንሽ እስር ይዞ ትልቅ ስጋት ይሸከማል። በዋጋ ካልተካሰ "ቀድመህ እጨድ" ብሎ መምከር ብቻውን አይሠራም።

*ትክክለኛው ጊዜ*

ለደጋው የተፈጥሮ መስክ ምልክቱ ሣሩ ራሱ ነው፦ ግማሽ ያህሉ ሲያብብ፣ ፍሬው ሳይጠነክር። ይህ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ዝናቡ አወጣጥ ይለያያል፤ በአብዛኛው ግን ጥቅምት ውስጥ ይውላል። ዝሆኔ ሣር ያላችሁ አንድ ሜትር አካባቢ ሲደርስ እጨዱት።

ጠል ከረገፈ በኋላ አጭዶ፣ በስሱ ዘርግቶ፣ እያገላበጡ ማድረቅ ነው። ሲታጨድ ከ70 በመቶ በላይ ውኃ የያዘው ሣር ለማከማቸት ወደ 15 በመቶ መውረድ አለበት። ጭብጥ ሣር ጠምዝዙ፤ አገዳው ቀጭ ብሎ ከተሰበረና እርጥበት ካልወጣው ይታሰራል። እርጥቡ ከታሰረ ይሻግታል፣ ይግላል፣ አልፎ አልፎም ራሱን ያቃጥላል።

*ለገዢዎችና ለዩኒየኖች*

መኪናው ሳይራገፍ አንድ ሁለት እስር ፍቱ። አረንጓዴነቱን፣ የቅጠሉን ብዛት፣ ሽታውን እዩ፤ እጃችሁን መሀሉ ውስጥ ከትታችሁ ሙቀት ካለው አትረከቡ። በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ግዙ፣ እስር እንደ አሳሪው ይለያያልና።

ከሁሉም በላይ፣ ውሉ ላይ የአጨዳ ሳምንት ይጻፍ፤ ቀድሞ ላጨደ ጭማሪ ይቀመጥለት። ጭማሪው ከላይ ካየነው የ2 ኪሎ ፋጉሎ ዋጋ እስካነሰ ድረስ ገዢው አይከስርም። ገበሬውም ያጣውን የእስር ብዛት በዋጋ ያገኘዋል። መስኩን በቁሙ የምትገዙ ነጋዴዎች ደግሞ የአጨዳው ቀን በእጃችሁ ነው፤ አጫጅና ማሰሪያ ማሽን ከወዲሁ ያዙ። ኅዳር ሲገባ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ጤፍና ስንዴ ይሄዳል፣ ሣሩም እናንተን አይጠብቅም።