የየቲሙ የትምህርት ውጤት አማና ነው

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ የማኅበራችን ወዳጆች፤ ስለ የቲም ድጋፍ ሲነሣ ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን ምግብ፣ ልብስና የቤት ኪራይ ነው። እነዚህ ቀዳሚ ጉዳዮች መሆናቸው አያከራክርም። በዚህ እትም ልንመለከተው የወደድነው ግን ሲጠፋ እምብዛም የማይስተዋል የየቲም ንብረት ነው፤ ይኸውም ልጁ በትምህርት ገበታ ላይ ደክሞ ያገኘው ውጤት ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በአብነትም ሆነ በጌጃ ሠፈር አካባቢ፣ አባታቸውን ወይም ሁለቱንም ወላጆቻቸውን አጥተው በአያት፣ በአጎት፣ በአክስት ወይም በጎረቤት ቤት የተጠጉ፣ አንዳንዶቹም ከቤት ወጥተው ጎዳና ያደሩ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ከቤት ወደ ቤት በተዘዋወሩ ቁጥር ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይዘዋወራሉ፤ በየመንገዱም የተማሩት ይባክናል።

አንድ ዓመት እንዴት ይጠፋል?

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ነው። ዓመቱ በሁለት ሴሚስተር ይከፈላል፤ ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል የሚዛወረው የሁለቱ ሴሚስተር ውጤት ተደምሮ በሚወጣው አማካይ ነው። ስለዚህ በሚያዝያ ወር ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ የደከመበት ሁሉ እንዳልነበረ ሊቆጠርበት ይችላል፤ በቀጣዩ መስከረም ያንኑ ክፍል እንደ አዲስ ይጀምራል። ወላጅ ላለው ልጅ ክፍል መድገም ሐዘን ነው፤ ለየቲም ግን ብዙ ጊዜ የትምህርቱ ፍጻሜ ይሆናል። ያስጠጉት ዘመዶች ተጨማሪ ዓመት የመሸከም አቅም ያጣሉ፤ ልጁም ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል፤ የሊስትሮ ሣጥንና የታክሲ ረዳትነት ደግሞ የዕለት ገንዘብ እያሳዩ ይጠሩታል።

በሌሎች አገሮች ይህን ጉዳት ለመቀነስ ሕግ ወጥቷል። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚቆጠረው በየትምህርቱ ዓይነት በሚመዘገብ «ክሬዲት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው የማኪኒ ቬንቶ ሕግ፣ ቤት ያጣ ልጅ የትምህርት ማስረጃው ባይሟላም እንኳ ትምህርት ቤቱ ወዲያው እንዲቀበለው ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ልጁ በቀድሞው ትምህርት ቤት በሚገባ የተማረው፣ ከፊልም ቢሆን፣ እንዲታሰብለት ክፍለ ሀገሮቹ ሥርዓት እንዲያበጁ ተደርጓል። ቤት አጥቶ በዘመድ ቤት የተጠለለ ልጅም በዚህ ሕግ ጥበቃ ሥር ይገባል። በዚያ የሚኖሩና የዘመድ ልጅ ያስጠጉ ወገኖቻችን ይህን መብት ከትምህርት ቤቱ ሊጠይቁ ይገባል።

እኛ ዘንድ ይህ ዓይነቱ የክሬዲት አሠራር ስለሌለ የልጁን ድካም የሚጠብቅለት ማስረጃው ነው። አላህ (ሱ.ወ) በአል-በቀራ ምዕራፍ የብድር ውል በጽሑፍ እንዲሰፍር ማዘዙን ሁላችንም እናውቃለን። የሰው ሐቅ በመርሳት ወይም በመካካድ እንዳይጠፋ መጻፍ ካስፈለገ፣ ለራሱ መከራከር የማይችለው የየቲም ሐቅ ይበልጡን መጻፍና መጠበቅ ያስፈልገዋል።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ማስረጃዎች

1ኛ/ መሸኛ፦ ልጁ ሠፈር በሚለቅበት ጊዜ ከቀድሞው ትምህርት ቤት የሴሚስተር ውጤቱ የተጻፈበት፣ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት መሸኛ መያዝ አለበት። የአንደኛው ሴሚስተር ውጤት በእጁ ካለ፣ የሚቀበለው ትምህርት ቤት የሁለተኛውን ደምሮ ዓመቱን ሊያሟላለት የሚችልበት መንገድ ይኖራል፤ ከሌለው ግን ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሚቆጠርለት ነገር የለም። በልደታ ነባር መንደሮች ፈርሰው በኮንዶሚኒየም ሲተኩ፣ በቅርቡም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲካሄድ፣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል። የቤት ዕቃ ከመጫኑ በፊት የልጁ መሸኛ መጠየቅ አለበት።

2ኛ/ የ8ኛ ክፍል ፈተና ማስረጃ፦ ትልልቆቹ እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» የሚሉት ይህ ፈተና የሚሰጠው በክልል ደረጃ ነው። አባቱ ሞቶበት ከወሎ፣ ከስልጤ ወይም ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ዘመዶቹ ዘንድ የመጣ ልጅ ማስረጃውን ካላመጣ የ9ኛ ክፍል በር ይዘጋበታል። ለለቅሶ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ዘመድ ሲመለስ ልጁን ብቻ ሳይሆን ማስረጃውንም ይዞ ይምጣ።

3ኛ/ የልደት ማስረጃ፦ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ልደት የሚመዘገበው በመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ነው። የወላጅ ሞትም እንዲሁ ይመዘገባል፤ የሞት ማስረጃው ለውርስም ለሞግዚትነትም ይፈለጋል።

የስም ጉዳይ

በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ስም ነው። አንዳንድ ቅን ዘመዶች ልጁ የየቲምነት ስሜት እንዳይሰማው በማሰብ በራሳቸው ስም ያስመዘግቡታል፤ አጎት የአባትን ቦታ ይይዛል። ሸሪዓችን ከፋላን፣ ማለትም የቲምን በኃላፊነት መያዝንና ማሳደግን፣ ከታላላቅ መልካም ሥራዎች ሲቆጥር የልጁን ዘር ግን እንዳንለውጥ አዟል። የአል-አሕዛብ ምዕራፍ በወረደ ጊዜ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የማደጎ ልጅ ተብሎ የሚጠራው ዘይድ፣ ዘይድ ኢብኑ ሐሪሳ ተብሎ በአባቱ ስም መጠራቱ ይታወቃል። ይህ ትእዛዝ በዱንያም ጥቅሙ ግልጽ ነው። የ8ኛ ክፍል ማስረጃው በአጎቱ ስም፣ የልደት ማስረጃው በአባቱ ስም የሆነ ተማሪ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ ይቸገራል፤ የአባቱን ውርስ ሲጠይቅም ልጅነቱን እንዲያስረዳ ይገደዳል።

የአጻጻፍ ልዩነትም ቀላል አይደለም። «ሙሐመድ»፣ «መሐመድ» እና «ሙሀመድ» ለእኛ አንድ ስም ናቸው፤ በመዝገብ ላይ ግን ሦስት ሰዎች ሊመስሉ ይችላሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ የበለጠ ይበዛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ማስረጃ የተጻፈው ፊደል በሁሉም ላይ ሳይለወጥ እንዲጻፍ አሳዳጊው በምዝገባ ዕለት አጠገብ ቆሞ ይመልከት።

ማን ይፈርማል?

ትምህርት ቤት ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ይፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) መሠረት፣ ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል፤ ስለዚህ እናት በሕይወት ካለች ፊርማዋ በቂ ሊሆን ይገባል። ሁለቱም ካለፉና በኑዛዜ የተሾመ ከሌለ ኃላፊነቱ በቅደም ተከተል ወደ አያቶች፣ ለአካለ መጠን ወደ ደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያም ወደ አጎትና አክስት ይሄዳል። ይህንኑ በፍርድ ቤት ማስወሰን ልጁን ከብዙ እንግልት ያድነዋል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ የሞግዚትነትን ጉዳይ ያያሉ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መንግሥት ለአሳዳጊ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ ስለሚደነግግ፣ ዘመድ የሌለው ልጅ ሲያጋጥም ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መሄድ ተገቢ ነው።

በአንድ ጊዜ የሚዘጉ ሁለት በሮች

በፊቅህ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው፤ ቡሉግ ሲደርስ ስያሜው ይነሣል። ስለሆነም አንዳንድ ለጋሾች ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ድጋፋቸውን ያቆማሉ። ይህ ዕድሜ 9ኛ ክፍል የሚገባበት መሆኑን እናስተውል። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. አንሥቶ የሚካሄደው የተማሪዎች ምገባ የታለመው ለቅድመ አንደኛና ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው፤ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ከዚህም ይወጣል። ትምህርቱ ሲከብድ፣ የሥራው ገበያም ሲጠራው፣ ያኔ እጃችንን እናነሣለን ማለት ነው።

በአን-ኒሳእ ምዕራፍ 6ኛው አንቀጽ የየቲም ንብረት የሚመለስለት ዕድሜው ከመድረሱ ጋር ብስለቱ፣ ሩሽዱ፣ ሲረጋገጥ መሆኑን እናገኛለን። የልጁን ገንዘብ ለመስጠት እንኳ ብስለቱን እንድንፈትሽ ከታዘዝን፣ ልጁን ራሱን በዕድሜ ቁጥር ብቻ እንዴት እንለቀዋለን? የየቲም ስያሜ ቢነሣም ድህነቱ ካልተነሣ ከዘካ ተቀባዮች መካከል ድሆችና ምስኪኖች ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ ሶደቃም ለዕድሜ ገደብ የለውም። ዝርዝሩን ከዑለማኦች መጠየቅ ይቻላል። እኛ የምንመክረው ግን ድጋፉ እስከ 12ኛ ክፍል ፍጻሜ እንዲዘልቅ ነው።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመቅረቱ የሁለተኛ ደረጃ ልፋት ሁሉ በ12ኛ ክፍል ፈተና ይመዘናል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከማስረጃው ጎን ለጎን የጥናት ቦታ፣ መብራት፣ መጽሐፍና የሚያስጠና ሰው ያስፈልጋል። በየመስጂዱና በየመድረሳው ከዐስር በኋላ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠኑ የዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ቢመደቡ ትልቅ ኻይር ነው።

ለዘገየው ልጅ

ዓመት የባከነበት ልጅ በር ሁሉ ተዘግቶበታል ብለን ተስፋ አንቁረጥ። ቀን የሚሠራ ወጣት በማታ ትምህርት መቀጠል ይችላል። 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ያልተሳካለት በግል ተፈታኝነት እንደገና የሚቀርብበት ዕድል አለ። በጋራዥ፣ በእንጨት ሥራ ወይም በልብስ ስፌት ሙያ የተማረ ደግሞ በሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ተመዝኖ የእጁን ሙያ በማስረጃ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ ይህም በሥራ ላይ የተገኘን ዕውቀት የሚቆጥር በመሆኑ የባከነውን ጊዜ ከፊሉን ይመልስለታል።

ኢማሙ ሻፊዒይ አባታቸው በሕፃንነታቸው የሞቱባቸው የቲም ነበሩ። እናታቸው ከጋዛ ወደ መካ ወስደው በድህነት አሳደጓቸው፤ ለወረቀት የሚከፈል ስላልነበራቸው ትምህርታቸውን በአጥንት ላይ ይጽፉ እንደነበር በታሪካቸው ተዘግቧል። ያቺ እናት ልጇን ከሠፈር ወደ ሠፈር ስታዛውር ትምህርቱ እንዳይቋረጥ በመጠበቋ ኡመቱ እስከ ዛሬ ይጠቀማል።

ውድ ለጋሾችና አሳዳጊዎች፤ ለምትደግፉት ልጅ በዚህ ሳምንት አንድ የፕላስቲክ ማኅደር ግዙለት። የልደት ማስረጃውን፣ የ8ኛ ክፍል ማስረጃውን፣ የየሴሚስተሩን ውጤትና መሸኛውን በውስጡ አኑሩ፤ ቅጂውን ሌላ ታማኝ ሰው ዘንድ አስቀምጡ፤ በስልክም ፎቶ አንሡት። በወር አንድ ጊዜ ስለ ጤናውና ስለ ምግቡ ስትጠይቁ፣ የትኛው ክፍል እንደደረሰና ያልተሟላለት ማስረጃ ምን እንደሆነም ጠይቁት።

አላህ (ሱ.ወ) በእጃችን ያለውን አማና የምንጠብቅ ያድርገን፤ የቲሞቻችንን ለዲናቸውና ለአገራቸው የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።