አልቲሜትር ሲሳሳት ማን ይነግረዋል?

አንድ ትንሽ አውሮፕላን በደመና ውስጥ ለማረፍ ሲወርድ ከሚገባው በታች ወርዶ ተከሰከሰ ሲባል፣ ብዙ ሰው ወዲያው «አብራሪው ተዘናግቶ ነው» ይላል። ፍርዱ አንዳንዴ እውነት ቢሆንም አደጋው ከየት እንደሚመጣ አያስረዳም። ከፍታን የሚያሳየው መሣሪያ፣ አልቲሜትር፣ ከመሬት ያለንን ርቀት በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው የአየር ግፊትን ነው። ያንን ግፊት ወደ ትክክለኛ ከፍታ የሚያመጣው አብራሪው ከተቆጣጣሪ ሰምቶ የሚሞላው የዕለቱ የግፊት ቁጥር ነው። ቁጥሩ በ1 ሄክቶፓስካል ቢሳሳት ንባቡ ወደ 28 ጫማ ይዛባል፤ በ10 ቢሳሳት ወደ 280። በመሣሪያ ብቻ ሲወረድ ደግሞ ማኮብኮቢያው ካልታየ ተመልሶ ለመውጣት የሚወሰንበት ከፍታ፣ በብዙ አየር ማረፊያዎች ከመሬት 200 ጫማ ብቻ ነው። አንድ አሃዝ ተሳስቶ መስማት ያንን ክፍተት ጠቅላላ ሊውጠው ይችላል።

«ሁለት አብራሪ ቢኖር፣ አውሮፕላኑም ዘመናዊ ቢሆን ይህ አይደርስም» የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ፓሪስ ሻርል ደ ጎል የሆነውን ይመልከት። የአየር ግፊቱ 1001 ሆኖ ሳለ ከተቆጣጣሪ ለአንድ ኤርባስ ኤ320 አብራሪዎች 1011 ተነገራቸው። እነሱም 1011 ብለው ደገሙ፤ ስህተቱን ማንም አልያዘውም። የመውረጃ መስመሩ የሚሰላው በአየር ግፊት ስለነበር መስመሩም አብሮ ዝቅ አለ። ሁሉም ንባብ በአንድነት ስለተሳሳተ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አልታየም፤ የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያውም አልጮኸም። አብራሪዎቹ ማኮብኮቢያው ስላልታያቸው ሽቅብ ሲመለሱ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ ከመሬት 6 ጫማ ብቻ ቀርቶት ነበር። ጠንቃቃ ሰዎች በሥርዓቱ መሠረት እየሠሩ እዚህ ከደረሱ፣ ብቻውን እያበረረ፣ በሬዲዮ እየተነጋገረና ካርታ እያነበበ ለሚወርድ አብራሪ «ተጠንቀቅ» ማለት ብቻውን ምን ይረዳዋል?

የሚረዳው ከአልቲሜትሩ ውጭ የሆነ ምስክር ነው። ከመነሳት በፊት ያለው ምስክር የአየር ማረፊያው የታወቀ ከፍታ ነው፤ ቦሌ ላይ የቆመ አውሮፕላን 7,600 ጫማ ገደማ ማሳየት አለበት። የአሜሪካ አብራሪዎች ልዩነቱ ከ75 ጫማ ካለፈ መሣሪያውን እንዲጠራጠሩ ይመከራሉ። ሲወረድ ደግሞ ከማኮብኮቢያው በሚላክ የሬዲዮ ምልክት የሚመራ የመውረጃ መስመር ከግፊት ቁጥሩ ጋር አይንቀሳቀስም። ስለዚህ አብራሪው በመስመሩ ላይ ሆኖ ካርታው ምልክት ያደረገበት ነጥብ ላይ ሲደርስ፣ አልቲሜትሩ በካርታው ከተጻፈው ከፍታ ጋር መግጠም አለበት። በከባድ ብርድ የተወሰነ ልዩነት ይጠበቃል፤ 200 ወይም 300 ጫማ ሲሆን ግን መውረዱን ትቶ ከፍ ማለትና ግፊቱን እንደገና መጠየቅ ነው።

«ሳተላይት እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው፤ ኤል ፒ ቪ በሚባለው አቀራረብ መስመሩ ከሳተላይት ስለሚሰላ በተሳሳተ ግፊት አይዛባም። ነገር ግን «እዚህ ላይ ወስን» የሚለው ከፍታ ዛሬም የሚነበበው ከአልቲሜትሩ ነው። መስመሩ ትክክል ሆኖ የመወሰኛው ቦታ ሊዘገይ ይችላል። አልቲሜትሩን ከካርታው ጋር ማነጻጸሩ ሥራ የበዛበትን አብራሪ የበለጠ ያጨናንቃል የሚለውንም አልንቀውም፤ ግን የሚደረገው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ገና ብዙ ከፍታ በቀረበት ነጥብ ላይ።